መድኃኒት ቤት ሲሄዱ ክኒን ብቻ ይዘው አይመለሱ

የቆየ ሕመምን ከፋርማሲስት ጋር ለመቆጣጠር የሚረዳ መመሪያ

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን የሚያገኘው በ2 ወይም በ3 ወር አንዴ ነው፤ ለዚያውም ወረፋ ጠብቆ፣ ለጥቂት ደቂቃ። መድኃኒት ቤት ግን በየወሩ ይሄዳል። መስኮቱ ጋ የሚቆመው ፋርማሲስት ስለ መድኃኒት ለዓመታት የተማረ ባለሙያ ነው። እሱን ለማነጋገር ቀጠሮ አያስፈልግም፤ ካርድም አያወጡም። ሆኖም አብዛኞቻችን ማዘዣውን ሰጥተን፣ ሒሳብ ከፍለን፣ ፌስታላችንን አንጠልጥለን እንወጣለን።

ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የቆየ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን በታዘዘው መሠረት የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ እንደሆኑና በድሃ አገሮች ቁጥሩ ከዚያም እንደሚያንስ ገልጿል። ሐኪሙ በትክክል አዝዞ፣ መድኃኒቱም ጥሩ ሆኖ፣ ሰው ለስትሮክ፣ ለኩላሊት ድካም ወይም ለእግር መቆረጥ ሊዳረግ የሚችለው በዚህ ክፍተት ነው። ክፍተቱን ለመድፈን ደግሞ ከፋርማሲስቱ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ ሰው የለም። የሚከተሉት ደረጃዎች ለታማሚው ለራሱ፣ እንዲሁም እናት አባቱን ለሚያስታምም ልጅ የተዘጋጁ ናቸው።

1. አንድ መድኃኒት ቤት ይምረጡ፤ በዚያው ይጽኑ

ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ እየገዙ ከሆነ ሁሉንም መድኃኒቶችዎን በአንድ ላይ የሚያይ ባለሙያ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሄዱበት አንድ ቦታ ይኑርዎት። ክትትል የሚያደርጉበት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት፣ የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት፣ አዲስ አበባ ላይ ከሆኑ ከነማ፣ ወይም በሰፈርዎ ያለ ፈቃዱን ግድግዳው ላይ የሰቀለ የግል ፋርማሲ ሊሆን ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሚሸፍንልዎትን ተቋም አስቀድመው ያጣሩ።

በመጀመሪያው ቀን "ፋርማሲስቱን ማነጋገር እፈልጋለሁ" ይበሉ። መስኮት ላይ የሚያገኙት ሰው ሁሉ ፋርማሲስት ላይሆን ይችላልና መጠየቁ ነውር የለውም። ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ይምረጡ፤ ጠዋት ወረፋው ሲጨናነቅ ረጋ ብሎ መነጋገር ይከብዳል። ሕመምዎን ሰው እንዳይሰማብዎት ከሰጉ ለብቻ የሚያነጋግርበት ቦታ እንዳለ ይጠይቁ፤ በርካታ ሆስፒታሎች የመድኃኒት ምክር የሚሰጥበት ክፍል አላቸው።

2. ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ ሰብስበው ይዘው ይሂዱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይህንን ያድርጉ። ከኮሞዲኖው፣ ከቦርሳው፣ ከፍሪጁ፣ ከትራስ ሥር ያለውን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይሰብስቡ። ሐኪም ያዘዘውን ብቻ ሳይሆን ለወገብዎ የገዙትን ዳይክሎፌናክ፣ ለጉንፋን የወሰዱትን፣ ቪታሚኑን፣ ጎረቤት ያካፈለዎትን፣ ከውጭ የተላከልዎትን፣ የባህል መድኃኒቱን ጭምር ያካትቱ። ከዚያ ፋርማሲስቱ ፊት ይዘርግፉት።

እንዲህ ያለ ፌስታል ሲከፈት ብዙ ነገር ይወጣል። ለምሳሌ አንዲት እናት ከሆስፒታል አምሎዲፒን እየወሰዱ፣ አሜሪካ ያለች ልጃቸው ደግሞ ኖርቫስክ ትልክላቸዋለች እንበል። ማሸጊያው ሌላ፣ ስሙ ሌላ፣ የክኒኑም ቅርጽ ሌላ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ያው አምሎዲፒን ነው። እሳቸው ሁለት መድኃኒት የሚወስዱ ይመስላቸዋል፤ የሚወስዱት ግን አንዱን መድኃኒት በእጥፍ ነው። እግራቸው ሲያብጥና ሲያዞራቸው ሌላ በሽታ የመጣባቸው ይመስላቸዋል። ዳኦኒልና ግሊቤንክላሚድ፣ ግሉኮፋጅና ሜትፎርሚንም እንዲሁ የአንድ መድኃኒት ሁለት ስሞች ናቸው። ይህን ለመለየት ለፋርማሲስቱ ማሸጊያውን ማየት ይበቃዋል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን እንዴት እንደሚወስዱ ይጠይቅዎታል። ያን ጊዜ እውነቱን ይናገሩ። መስኮቱ ላይ ደጋግሞ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል፤

"እማማ፣ ይቺን የግፊቷን እንዴት ነው የሚወስዷት?"

"ራሴን ሲያመኝ ነዋ ልጄ! ካላመመኝ ምን ብዬ እውጣታለሁ?"

ደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ራስ አያሳምምም፤ ምንም ሳይሰማዎት ልብዎን፣ ኩላሊትዎንና የአንጎልዎን የደም ሥሮች ይጎዳል። ራስ ምታት እየጠበቀ የሚወስድ ሰው ብዙውን ቀን ያለ መከላከያ ያሳልፋል። ፋርማሲስቱ ይህን የሚያውቀው እርስዎ ሳይደብቁ ከነገሩት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሊቆጣዎት አይገባም፤ መላ ሊፈልግልዎት ነው የተቀመጠው።

በመጨረሻም የመድኃኒቶችዎን ስም፣ መጠንና ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። ወረቀቱን ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ፤ በስልክዎም ፎቶ ያንሡት። ድንገት ሆስፒታል ቢገቡ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

3. ለእያንዳንዱ መድኃኒት 6 ጥያቄ ይጠይቁ

አዲስ መድኃኒት ሲሰጥዎት ከመስኮቱ ከመራቅዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፤

• ስሙ ማነው? ለየትኛው ሕመሜ ነው?
• ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓት?
• ከምግብ በፊት፣ ከምግብ ጋር ወይስ በኋላ?
• እስከ መቼ እወስደዋለሁ?
• ምን ሊሰማኝ ይችላል? የትኛው ምልክት ያሳስባል?
• አንድ ቀን ብረሳ ምን ላድርግ?

መልሱ መድኃኒት በመድኃኒት ይለያያል። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሆድ መረበሹ ይቀንሳል። የታይሮይድ መድኃኒት የሆነው ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በፊት በውሃ ይወሰዳል፤ ከአይረንና ከካልሲየም ክኒን ደግሞ በ4 ሰዓት መራቅ አለበት። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጠዋት ቢወሰድ ሌሊት ከእንቅልፍ አያስነሣም። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ይህን ያልተነገረው ሰው የሳል ሽሮፕ ሲገዛ ይከርማል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ ክኒን የመሥራት አቅምን ይቀንሳል፤ ሴቶች ይህን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። ኢናላፕሪልም ሆነ ቫልፕሮኤት ፅንስን ስለሚጎዱ እርግዝና ያሰበች ሴት ጊዜ ሳትሰጥ ልትናገር ይገባል።

ከረጢቱ ላይ የሚጻፈውንም ያስተውሉ። 1×2 ማለት አንድ ፍሬ በቀን 2 ጊዜ ማለት ነው፤ 2 ፍሬ በአንድ ጊዜ የሚመስለው ሰው አለ። ሰዓትም ያደናግራል፤ "በ8 ሰዓት" ሲባል በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ይለያል። "ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት" ተብሎ በአማርኛ ወይም በሚያነቡት ቋንቋ ይጻፍልዎ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ከረጢቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ማስሳል ይቻላል።

ከመሄድዎ በፊት የተነገረዎትን በራስዎ ቃል ለፋርማሲስቱ መልሰው ይንገሩት። የተሳሳተ ነገር ካለ እዚያው ይታረማል። የረሱትን መድኃኒት ለማካካስ ግን በሚቀጥለው ሰዓት ደርበው አይውሰዱ።

4. መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት ይመለሱ፤ ገንዘብም ካጠረ ይናገሩ

የሳምንት ያህል ሲቀርዎት ወደ መድኃኒት ቤት ይሂዱ። የመድኃኒት እጥረት በሚያጋጥምበት አገር የመጨረሻዋን ክኒን ውጦ መሄድ አደጋ አለው። የተረፈዎትንም ይዘው ይሂዱ፤ ፋርማሲስቱ ፍሬዎቹን ቆጥሮ ምን ያህል ቀን እንደዘለሉ ሊነግርዎ ይችላል።

መድኃኒቱ ከጠፋ የት እንደሚገኝ ወይም ምን ሊተካው እንደሚችል ይጠይቁ። ተተኪውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ፋርማሲስቱ ግን ያለውን አማራጭ ጽፎ ሊሰጥዎ ወይም ራሱ ለሐኪሙ ሊደውል ይችላል። ዋጋው ከብዶዎት ከሆነም አይፈሩ፤ ንጥረ ነገሩ አንድ ሆኖ በሌላ ኩባንያ የተሠራና ርካሽ የሆነ ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው ግን ይህን መናገር አፍሮ ክኒኑን ለሁለት እየከፈለ ወይም ቀን እየዘለለ ይወስዳል። ይህ አደገኛ ነው፤ ለምሳሌ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያስከትል፣ ለሕይወትም ሊያሰጋ ይችላል።

5. መሣሪያውን ፋርማሲስቱ እያየዎት ይጠቀሙበት

ኢንሱሊን፣ የአስም መንፊያ፣ የስኳር መለኪያ፣ የግፊት መለኪያ፤ እነዚህ በቃል ተነግረው አይለመዱም። "አውቀዋለሁ" ከማለት ይልቅ እዚያው ያሳዩት፤ ይረምዎታል።

ኢንሱሊን። በብዛት የሚገኘው ብልቃጥ በእያንዳንዱ ሚሊሊትር 100 ዩኒት ይይዛል። ሲሪንጁም የ100 መሆን አለበት፤ በ40 ሲሪንጅ ከተሳበ መጠኑ ፍጹም ይሳሳታል። ደመናማውን ኢንሱሊን አይናጡት፤ በሁለት መዳፍዎ መሃል ቀስ እያሉ ያንከባልሉት። ጥርቱንና ደመናማውን በአንድ ሲሪንጅ እንዲቀላቅሉ ከታዘዙ መጀመሪያ የሚሳበው ጥርቱ ነው። የሚወጉበትን ቦታ ይቀያይሩ፤ አንድ ቦታ ብቻ ሲወጋ ቆዳው ያብጥና ኢንሱሊኑ በደንብ አይሰርግም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በፍሪጅ ይቀመጣል፤ ከፍሪዘሩ ጋር ግን አይነካካ፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም። የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ለ4 ሳምንት ያህል ያገለግላል። በቀን 20 ዩኒት የሚወጉ ከሆነ የ10 ሚሊሊትሩ ብልቃጥ 50 ቀን የሚበቃ ይመስላል፤ ጊዜው ሲደርስ ግን የተረፈው መጣል አለበት። የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ፤ የእርስዎ ዓይነት ስንት ቀን እንደሚቆይም ያረጋግጡ። ፍሪጅ ከሌለዎት ወይም መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ውሃ እንዳይገባው በፕላስቲክ ዕቃ ከድነው፣ እርጥብ አሸዋ በያዘ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ከሙቀት ይጠብቀዋል።

የአስም መንፊያ። ይናጡት፤ ትንፋሽዎን ያውጡ፤ በከንፈርዎ ይግጠሙት፤ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ መሳብ ሲጀምሩ ይጫኑት፤ እስከ 10 እየቆጠሩ ትንፋሽዎን ይያዙ። ሳልቡታሞል የሚያስታግስ ነው፤ ቤክሎሜታዞን ደግሞ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ነው። ሁለተኛውን "አያሽለኝም" ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሥራው ማስታገስ ሳይሆን ሕመሙ እንዳይነሣ ማድረግ ነውና። ከእሱ በኋላ አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ። ትንፋሽና መጫን አልገጥም ያላቸው ልጆችና አረጋውያን መንፊያው ላይ የሚገጠም ስፔሰር ይረዳቸዋል፤ ከሌለ ከግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያሳይዎት።

የስኳር መለኪያ። ጣትዎን በውሃና በሳሙና ታጥበው ያድርቁ፤ ብርቱካን የላጠ ጣት የሐሰት ቁጥር ያወጣል። ዘመድ ከውጭ መለኪያ ከመላኩ በፊት ስትሪፑ እዚህ መኖሩን ያጣሩ፤ ስትሪፕ የሌለው መለኪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የሚመጣው የሚያነበው በሚሊሞል ስለሆነ በ18 ማባዛት ያስፈልጋል፤ 7 የሚለው ቁጥር በእኛ 126 ነው።

የግፊት መለኪያ። ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፤ ሽንትዎን ይሽኑ፤ 5 ደቂቃ ጀርባዎን ደግፈው ይቀመጡ፤ እጅዎ በልብዎ ልክ ይሁን፤ ሲለኩ አያውሩ። ሁለት ጊዜ ለክተው ከነቀኑ ይጻፉት። ደብተሩን በየወሩ ለፋርማሲስቱ ያሳዩት፤ ቁጥሩ ደጋግሞ ከ140/90 በላይ ከሆነ ቀጠሮዎ ሳይደርስ ሐኪም እንዲያዩ ይነግርዎታል።

6. ጾም ከመግባቱ በፊት ይነጋገሩ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም ወር ሙሉ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ነው። ስኳር ያለበት ሰው በዚህ ጊዜ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ እንደ ወትሮው ጠዋት ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ ቢቆይ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በሌላ በኩል መድኃኒቱን ከናካቴው ትቶ የሚጾምም አለ፤ ይሄኛው ደግሞ ስኳሩ ይሰቀላል።

ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ለሐኪምዎና ለፋርማሲስትዎ እንደሚጾሙ ይንገሩ። የሚወሰድበት ሰዓት ወደ ማታ፣ ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር ሊዛወር፣ መጠኑም በሐኪሙ ሊስተካከል ይችላል። ለአንዳንዱ ሰው ግን ጾሙ ጭራሽ አይመከርም። ያን ጊዜ የንስሐ አባትዎን ወይም ኢማምዎን ያማክሩ፤ በሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ጾምን የመተው ፈቃድ አለ።

መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም መደናገር ከተሰማዎት ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያም ከሌለዎት ሳይጠብቁ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተስተካከለ ይድገሙ፤ ሲሻልዎት ምግብ ይብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይስጡት፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

7. "ይሄ እኮ ምንም አያደርግም" የሚባለውን ይጠይቁ

ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ቀላል የሕመም ማስታገሻ አይደሉም፤ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶችም ግፊት ይጨምራሉ። ሲገዙ አስቀድመው "ግፊት አለብኝ" ይበሉ፤ ፋርማሲስቱ የሚስማማዎትን ይመርጥልዎታል።

አብሽና ሽፈራው ስኳርን የመቀነስ ባሕርይ አላቸው። ከስኳር መድኃኒት ጋር ተደርበው አብዝተው ሲወሰዱ ከሚፈለገው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ፤ በተለይ መድኃኒቱን ለመተካት አይወሰዱ። ጫትም ግፊትና የልብ ምት ከፍ ያደርጋል። የባህል መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ሳይሸማቀቁ ይናገሩ፤ አብሮ የማይሄደውን የሚለየው ሰው ሳያውቅ ሊጠብቅዎ አይችልም።

8. የማብቂያ ቀኑንና የሚቀመጥበትን ቦታ ያረጋግጡ

ማሸጊያው ላይ የሚታተመው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 06/2027 ቢል የእኛ የካቲት 2027 አይደለም፤ በእኛ ሰኔ 2019 ላይ ያበቃል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ገና ብዙ ዓመት ያለው መስሎት ሊወስድ ይችላል። ማሸጊያው ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ።

መድኃኒትን ከምድጃ አጠገብ፣ መታጠቢያ ቤት ወይም መኪና ውስጥ አያስቀምጡ። ሕፃናት የማይደርሱበት፣ ደረቅና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይምረጡ። በመንገድ ላይ ወይም በስልክ ማስታወቂያ የሚሸጥ "ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል" መድኃኒት አይግዙ። ማሸጊያው፣ ቀለሙ ወይም ሽታው ካጠራጠረዎት ለፋርማሲስቱ ያሳዩ፤ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ ስልክ 8482 ደውለውም መጠቆም ይችላሉ።

9. ከፋርማሲስት በላይ የሆነውን ይለዩ

ፋርማሲስት በሽታ አይመረምርም፤ የታዘዘልዎትንም በራሱ አይቀይርም። የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መተሳሰር፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር፣ ከ180/120 በላይ የሆነ ግፊት ከራስ ምታት ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር፣ ከፍተኛ ስኳር ከማስታወክ ጋር ሲመጣ መድኃኒት ቤት አይሂዱ። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ወር ማድረግ አይጠበቅብዎትም። በዚህ ወር ፌስታሉን ይዘው ይሂዱ፤ በሚቀጥለው የግፊት ወይም የስኳር ደብተርዎን ያሳዩ፤ ከዚያ በኋላ መርፌውን ወይም መንፊያውን እያሳዩ ይለማመዱ። ባለሙያው ቢቸኩል "መቼ ብመጣ ይመችዎታል?" ብለው ይቅጠሩት፤ ምክር ማግኘት መብትዎ ነው። ስኳርና ግፊት ለአብዛኛው ሰው የዕድሜ ልክ ናቸው፤ በአግባቡ ከተያዙ ግን ዓይን፣ ኩላሊትና እግር ሳይጎዱ ልጅ አሳድጎ፣ የልጅ ልጅ ማየት ይቻላል። መድኃኒቱን ገዝተውታል፤ እንዲሠራልዎት ደግሞ ፋርማሲስቱን ይጠይቁት።